የዘላኖች መቃብርና የመርማሪው ዕዳ

ሰው በሕይወቱ ሳለ ቤቱን በመዝጊያና በቍልፍ ይጠብቃል፤ ከሞተ በኋላ ግን ቤቱን የሚጠብቅለት የሕያዋን እፍረት ብቻ ነው። ስለዚህ በየአገሩና በየዘመኑ የነበሩ ሕዝቦች በሕግም በልማድም እጅግ የተለያዩ ሲሆኑ፣ መቃብር ማፍረስን ነውር በማለት ግን ብዙዎቹ ተስማምተዋል። ሌባ የሕያውን ሰው ገንዘብ ቢሰርቅ ባለቤቱ ተከታትሎ ይከሰዋል፤ የሙት ገንዘብ የሰረቀ እንደ ሆነ ግን ከሳሽ የለበትም። የሰው ጠባይ በእውነት የሚታወቀውም ከሳሽ በሌለበት ቦታ ነው።

ነገር ግን መቃብር የሚከፍት ሁሉ ሌባ አይባልም። መሣሪያና መዝገብ ይዞ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ በሊቃውንት ማኅበር ስም መቃብር የሚቈፍር ሰው አለ፤ እርሱም የጥንት ሥራ መርማሪ፣ በባዕድ ቋንቋ አርኪዮሎግ ይባላል። ሌባውና መርማሪው አንዱን ድንጋይ ያነሣሉ፤ አንዱን ሣጥን ይከፍታሉ፤ ሁለቱም ያገኙትን ይዘው ይሄዳሉ። እንግዲህ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ዶማው አንድ ነውና በዶማው አይለዩም። ፈቃድ አለው እንዳንልም፣ ፈቃዱን የሰጠው ሕያው ሹም ነው እንጂ ሟቹ አይደለም። ይህን ጥያቄ በባዶ ክርክር ከመመርመር ይልቅ በአንድ ሰው ሥራና ሕይወት መመርመር ይሻላልና፣ የእስያን ዘላኖች መቃብር በመመርመር ስሙ የታወቀውን የሩሲያውን ሊቅ የሰርጌይ ኢቫኖቪች ሩዴንኮን ታሪክ ለአንባቢ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ስለ ዘላኖቹ ጥቂት መናገር ይገባል። በቋንቋችን ዘላን የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለስድብ ይነገራል። ከተማ ያልሠራ፣ እርሻ ያላረሰ፣ መጽሐፍ ያልጻፈ ሕዝብ ታሪክ የሌለው ይመስለናል። ከጥቁር ባሕር ሰሜን ጀምሮ እስከ ሞንጎልያ ድረስ በተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ፈረስ እየጋለቡ፣ መንጋ እየነዱ፣ ድንኳን እየነቀሉ የሚኖሩ ብዙ ነገዶች ነበሩ። ግሪኮች በምዕራብ በኩል የሚያውቋቸውን እስኩቴስ ይሏቸው ነበር፤ ይህም ስም ወደ ቈላስይስ ሰዎች በተላከው መልእክት ውስጥ ስለ ተጻፈ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። እነዚህ ሕዝቦች ስለ ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ አልተገኘም፤ ስለ እነርሱ የጻፉት ጎረቤቶቻቸውና ጠላቶቻቸው ናቸው። ምስክሩ ሳይሰማ በከሳሹ ቃል ብቻ የተፈረደበት ሰው ምን እንደሚመስል፣ የእነርሱም ነገር እንደዚሁ ነበረ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ4ኛው መጽሐፉ ስለ እስኩቴስ ብዙ ጽፏል። ከጻፈውም ውስጥ አንዱ ነገር ለጥያቄያችን መሠረት ነው። የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ እስኩቴስን ሊወጋ በዘመተ ጊዜ እነርሱ ፊት ለፊት ሳይገጥሙት እያፈገፈጉ አደከሙት። ዳርዮስም ስለ ምን እንደሚሸሹ መልእክት ልኮ ቢጠይቅ፣ ንጉሣቸው ኢዳንቲርሶስ የሚያስፈራቸው ከተማ ወይም የሚቃጠል እርሻ ስለሌላቸው ለመዋጋት የሚያስቸኵላቸው ነገር እንደሌለ፣ ነገር ግን የአባቶቻቸው መቃብር እንዳላቸውና እርሱን አግኝቶ ለማፍረስ ቢሞክር በዚያን ጊዜ ይዋጉ ወይም አይዋጉ እንደሚያይ መለሰለት ይላል። ቤትና ከተማ የሌለው ሕዝብ ሊሞትለት የሚገባው አንድ ቦታ ቢኖረው እርሱ መቃብር ነበረ ማለት ነው።

ይህ ነገር በእስኩቴስ ብቻ የተወሰነ አይደለም። አባታችን አብርሃም ዕድሜውን ሁሉ በድንኳን ኖረ፤ ሣራ በሞተች ጊዜ ግን የመክፌላን ዋሻ ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ ሲለው እንኳ እምቢ ብሎ ዋጋውን መዝኖ ከፈለ። ለሕያዋን ድንኳን የበቃው ሰው ለሙታኑ ግን በምስክር ፊት ርስት ገዛላቸው።

ስለዚህ የዘላን መቃብር ከከተማ ሰው መቃብር ይልቅ ይከብዳል። የከተማ ሰው ቢሞት ግንቡ፣ ጽሕፈቱ፣ የቆመው ሐውልቱ ይቀራል። የዘላን ድንኳን ግን ይጠቀለላል፤ የእሳቱ አመድ በነፋስ ይበተናል፤ የመንጋው ዱካ በአንድ ክረምት ይጠፋል። ከመቃብሩ በቀር ምስክር የለውም። እንግዲህ ጭንቁ ይህ ነው። መቃብሩን ካልከፈትን እርሱን አናውቀውም፤ የከፈትን እንደ ሆነ ደግሞ በምድር ላይ የነበረውን አንዱን ቤት አፈረስንበት።

ሌቦች በዚህ ነገር አልተጨነቁም። በሳይቤሪያ የሰፈሩ ሰዎች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት በማኅበር እየሆኑ የድንጋይና የአፈር ክምሮቹን እየፈነቀሉ፣ ያገኙትን ወርቅ እያቀለጡ በሚዛን ይሸጡት ነበር። ታላቁ ጴጥሮስ እንዲህ ያለው ወርቅ ተሰብስቦ እንዲቀመጥ በማዘዙ ከጥፋት የተረፈው ዛሬ በሴንት ፒተርስቡርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። ነገር ግን ዕቃው ከየትኛው መቃብር፣ ከየትኛው ሰው አጠገብ እንደ ወጣ የጻፈ አልነበረም። ወርቁ ተረፈ፤ ባለቤቱ ግን ጠፋ። በ1865 ቫሲሊ ራድሎቭ የተባለ ሊቅ በአልታይ ተራራዎች ሁለት ታላላቅ መቃብሮች ቈፍሮ በበረዶ የተጠበቀ ልብስና ቆዳ አገኘ፤ ይህም ለሚከተሉት መንገድ ከፈተ።

ሩዴንኮ በ1885 በካርኮቭ ተወለደ። የመጀመሪያ ትምህርቱ የሙታን ነገር አልነበረም፤ ባሽኪር የሚባሉትን መንጋ አርቢዎች በሕይወታቸው እያየ፣ ቤታቸውን፣ ምግባቸውን፣ ልብሳቸውን፣ የፈረሳቸውን ዕቃ እየመዘገበ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ ትምህርት ኋላ በመቃብር ሥራው እጅግ ረዳው፤ የሕያው ሰው ኮርቻ እንዴት እንደሚሰፋ ያላወቀ ሰው የሙትን ኮርቻ ቢያገኝ ቁራጭ ቆዳ ብቻ ይመስለዋልና። በ1924 በአልታይ በኡላጋን ወረዳ ፓዚሪክ በምትባል ሸለቆ ሲያልፍ ታላላቅ የድንጋይ ክምሮችን አየ። በ1929 ረዳቱ ሚካኤል ግሪያዝኖቭ የመጀመሪያውን ክምር ቈፈረ፤ ከኮርቻቸውና ከልጓማቸው ጋር የተቀበሩ 10 ፈረሶች በበረዶ ውስጥ ተገኙ። ከእነርሱ አንዱ የዋላ ቀንድ ያለበት ጭምብል በራሱ ላይ ነበረ።

ሥራው ግን በዚህ ተቋረጠ። በ1930 ሊቃውንትን ባጠቃው ክስ ሩዴንኮ ተይዞ ታሰረ፤ ነጭ ባሕርን ከባልቲክ ባሕር ጋር ለማገናኘት እስረኞች ወደሚቈፍሩት ቦይም ተላከ። በዚያ ቦይ ሥራ ብዙ ሺህ ሰዎች በብርድና በድካም አልቀዋል። ሩዴንኮ የውሃን ነገር የሚመረምር ባለሙያ ሆኖ ሠራ፤ በ1934 ቢፈታም በዚሁ ሙያ ዓመታት ቈየ። ግሪያዝኖቭም በ1933 ተይዞ ተግዞ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሩዴንኮ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ፤ በ1947 ወደ ፓዚሪክ ሲሄድ የ62 ዓመት ሰው ነበረ። እስከ 1949 ድረስ 4 ታላላቅ ክምሮችን ቈፈረ፤ ከዚያም በኋላ በ1950 በባሻዳር፣ በ1954 በቱኤክታ ሠራ። ሌላ ሰው በዚያ ዕድሜ ከእስር የተረፈ ሕይወቱን በእሳት ዳር ሊያሳልፈው ይወዳል፤ እርሱ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ያቋረጠውን ሥራ ካቆመበት ጀመረ።

የመቃብሮቹ ሥራ እንዲህ ነው። አራት ማዕዘን ጥልቅ ጕድጓድ ይቈፈራል፤ በውስጡ ግድግዳው ድርብ የሆነ የግንድ ቤት ይሠራል፤ ሣጥኑ የሚጠረበው ከአንድ ግንድ ነው። ከቤቱ ሰሜን በኩል ፈረሶቹ ይቀበራሉ። በላዩ ብዙ ግንድ ይደረደራል፣ አፈር ይለብሳል፣ በመጨረሻም ታላቅ የድንጋይ ክምር ይከመርበታል፤ የ5ኛው ክምር ወርድ ከ40 ሜትር በላይ ነው። ያ ክምር በበጋ ፀሐይን እየከለከለ፣ በክረምት ደግሞ ብርዱን በድንጋዮቹ መካከል እያስገባ፣ በሥሩ ያለውን ምድር አበረደው። ሌቦች በጥንት ዘመን ክምሩን ሰርስረው ገቡ፤ በፈነቀሉት ቀዳዳ የዝናብና የበረዶ ውሃ ወርዶ በውስጡ ረጋ፣ ዓመት እስከ ዓመትም አልቀለጠም። ሩዴንኮና ሠራተኞቹ ውሃ እያፈሉ በበረዶው ላይ እያፈሰሱ፣ የቀለጠውን እየቀዱ እያወጡ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ሙታኑ ደረሱ።

በ2ኛው መቃብር የተገኘው ሰው 60 ዓመት ያህል የኖረ፣ ቁመቱ 176 ሳንቲ ሜትር የሆነ ታላቅ ሰው ነበረ። እጆቹና ትከሻው ክንፍ ባላቸውና በሚሸሹ አራዊት ንቅሳት ያጌጡ ነበሩ። በጦርነት በመጥረቢያ ተመትቶ የሞተ ሲሆን፣ ጠላቱ የራሱን ቆዳ ከነጠጕሩ ገፍፎ ወስዶበታል። ወገኖቹ ግን እንዲህ ተዋርዶ እንዲቀበር አልወደዱም፤ ሌላ ቆዳ ከነጠጕሩ በራሱ ላይ ሰፉለት፤ የጠጕር ጢምም ሠሩለት። ከእርሱም ጋር አንዲት ሴት ተቀብራ ነበር። ሌቦቹ ደግሞ በተራቸው ገብተው የአንገታቸውን ጌጥ ለመውሰድ ሲሉ የሁለቱንም ራስ ቈረጡ። እንግዲህ በአንድ ሥጋ ላይ ሦስት ሥራ ተሠርቶ እናያለን፤ የጠላት ቍጣ፣ የወገን ፍቅርና የሌባ ስስት። ይህን ሁሉ ያነበበው አራተኛው እጅ የመርማሪው እጅ ነው።

ሌቦቹ ወርቁን ወሰዱ፤ ጨርቁን፣ እንጨቱን፣ ቆዳውን፣ የበግ ጠጕሩን ግን እንደ ጥራጊ ትተውት ሄዱ። በቅኔ ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ ነገር ያስደንቃል፤ እነዚያ ሌቦች ወርቅ ያሉትን ሲወስዱ እውነተኛውን ወርቅ ሰም ነው ብለው ትተውታልና። ከ5ኛው መቃብር የተገኘው ስጋጃ 1.83 በ2 ሜትር ሲሆን ከ1,250,000 በላይ ቋጠሮ አለበት፤ በጠርዙ 28 ፈረሰኞች፣ 24 ዋላዎችም ተሠርተዋል፤ በቋጠሮ ከተሠሩት ስጋጃዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ከእርሱ የሚቀድም አይታወቅም። በዚያው መቃብር በውሃ ታሽቶ ከተያያዘ የበግ ጠጕር የተሠራ፣ 4.5 በ6.5 ሜትር የሚሆን መጋረጃ፣ አራት መንኰራኵር ያለው የእንጨት ሠረገላ፣ ወፎች የተጠለፉበት የቻይና ሐር ተገኘ። በተራራ ላይ የሚኖሩት እነዚህ ዘላኖች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ከምሥራቅም ከምዕራብም ጋር ይገበያዩ እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል። በ2ኛው መቃብር ደግሞ በገና የመሰለ የሙዚቃ ዕቃ፣ በቆዳ ከረጢት የተቀመጠ አይብ፣ የስድስት እንጨት ድንኳንና በጋሉ ድንጋዮች ላይ የተጨመረ የሐሺሽ ዘር ተገኘ። ሄሮዶቱስ እስኩቴስ በትንሽ ድንኳን ውስጥ በጋለ ድንጋይ ላይ ይህን ዘር እየጨመሩ ጢሱን ይታጠናሉ ብሎ ስለ ጻፈ ብዙዎች ተረት አድርገውበት ነበር፤ ከ2,000 ዓመት በላይ ዘግይቶ በረዶው መሰከረለት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ ሁሉ ዕውቀት መቃብሩን ለመክፈት በቂ ምክንያት ነውን? አንዳንዱ፣ ሙት አይሰማውም፤ ስለዚህ አይበደልም ይላል። ይህ ቃል ፈጥኖ የተነገረ ነው። አባት ሲሞት ተናዞ ቢሄድና ልጁ ኑዛዜውን ቢያፈርስ፣ ሙት አይሰማም ብለን ልጁን እናመሰግነዋለንን? ቃል የተገባለት ሰው ስለ ሞተ ቃሉ አይሞትም። መቃብርም በድንጋይ የተጻፈ ኑዛዜ ነው፤ በዚህ ተዉኝ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ፣ ከቶ አይከፈት ይላል። ይህም ቃል ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን መቃብሩን የተዉለት ሁሉ በሰላም አይተዉለትም። ሌባ ቀድሞ ይገባል፤ በዘመናችን ደግሞ የአልታይ የረጋ ምድር እየሞቀ ስለ ሄደ፣ በረዶው ቀልጦ ያልተከፈቱት መቃብሮች በውስጣቸው ያለው ሁሉ እንዳይበሰብስ ሊቃውንት ይሠጋሉ። ከሁሉም በላይ ዝም ማለት ገለልተኛ አይደለም፤ ዝም ያልን እንደ ሆነ ስለ ዘላን የሚነገረው የጠላቱ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የኋለኛው ነገር ይህን ክርክር የበለጠ አጠነከረው። በ1993 ናታሊያ ፖሎስማክ የተባለች ሊቅ በኡኮክ አምባ ላይ ሌባ ያልነካው መቃብር አገኘች። በላዩ ሌላ ሰው ተቀብሮበት ስለ ነበር ሌቦቹ የላይኛውን ዘርፈው የታችኛውን ሳያውቁ ሄደዋል። በውስጡ ዕድሜዋ ከ30 ያልበለጠ፣ እጇ የተነቀሰ ሴት ከ6 ፈረሶች ጋር ተኝታ ነበር። ሥጋዋ ለምርመራ ወደ ኖቮሲቢርስክ ተወሰደ። የአልታይ ሰዎች ግን እናታችን ናትና ወደ ምድሯ ትመለስ እያሉ ጮኹ፤ በ2003 በአገሩ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜም፣ ብዙዎች ይህ የመጣው እርሷ ከመቃብሯ ስለ ወጣች ነው አሉ። ሊቃውንት የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያቱ ሌላ ነው ብለው መለሱ፤ እውነትም ሌላ ነው። ነገር ግን የሕዝቡን ሐዘን የተሳሳተ ምክንያት ስለ ሰጠው ሐዘኑ ሐሰት አይሆንም። በ2012 ወደ አልታይ ተመልሳ በጎርኖ አልታይስክ ሙዚየም ተቀመጠች፤ በ2014 የአገሩ ሽማግሌዎች ዳግመኛ እንድትቀበር ወሰኑ።

ከዚህ ሁሉ እኛ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ሌባና መርማሪ በመግባታቸው አይለዩም፤ የሚለዩት ከወጡ በኋላ በሚያደርጉት ነው። ሌባ መቃብር ሲከፍት ነገሩ ይፈጸማል፤ መርማሪ ሲከፍት ግን ዕዳው ያን ጊዜ ይጀምራል። መርማሪ የሟቹ ወራሽ ሳይሆን የሟቹ ባለዕዳ ነው። ዕዳውም ሦስት ነው። የመጀመሪያው፣ ከወርቁ እስከ ጥራጊው ያለውን ሁሉ ቦታውን ሳያፋልስ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ ያየውን ሳያስውብና ሳያዋርድ መናገርና ለሟቹ ስሙን መመለስ ነው። ሦስተኛው፣ ሟቹን አባቴ እናቴ የሚሉትን ሕያዋን መስማትና፣ ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላ ዕረፍቱን መመለስ ነው።

ሩዴንኮ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከፍሏል። በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ የአልታይን ጥንታውያን ሰዎች ከስጋጃቸው እስከ አይባቸው፣ ከሠረገላቸው እስከ ኮርቻቸው ስፌት አንድ በአንድ ገለጠ፤ እርሱ በ1969 ካረፈ በኋላ መጽሐፉ በ1970 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በዓለም ተነበበ። ዘላን አረመኔ ነው የሚለውን የቆየ ፍርድ ያፈረሰው በክርክር ሳይሆን በማሳየት ነው። ሦስተኛውን ዕዳ ግን አልከፈለም፤ ከፓዚሪክ የወጡት ሙታን ወደ ኤርሚታዥ ተወስደው ለተመልካች ቀረቡ። በዚህም ከዘመኑ ሊቃውንት አልተለየም፤ ያ ዘመን ይህን ዕዳ አልቈጠረውምና። እኛ በእርሱ ላይ የምንፈርድ አይደለንም፤ ነገር ግን አባት ሳይከፍለው የሞተ ዕዳ በልጆች ላይ እንደሚቈይ፣ ይህም ዕዳ በተከተሉት ሊቃውንት ላይ ቈይቷል።

አንባቢ ሆይ፣ መቃብር የሚቈፍሩ ጥቂቶች ናቸው ብለህ ይህን ነገር ከራስህ አታርቀው። ያለፉትን ሰዎች ስም እያነሣ የሚጽፍ፣ የሚያስተምር፣ በአደባባይ ስለ ሞቱ ሰዎች የሚናገር ሁሉ በአፉ መቃብር ይከፍታል። ሙት ስለ ራሱ መልስ ሊሰጥ አይችልምና፣ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው በቃሉ ባለዕዳ ይሆናል። ከሙታን ታሪክ ለክርክሩ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ የሚወስድና የቀረውን የሚጥል ሰው፣ ከፓዚሪክ ሌቦች በምን ይሻላል? እነርሱ ጌጡን ለማግኘት ራስ ቈርጠዋል፤ እርሱም ጥቅሙን ለማግኘት እውነቱን ይቈርጣል። ያ የተመታና የተገፈፈ ሽማግሌ ወገኖቹ ሌላ ጠጕር ሰፍተው፣ ጢም ሠርተው፣ በክብር አስተኝተውት ነበር። ስለ ሞተ ሰው ለመናገር አፋችንን ስንከፍት ያ ሰፊ እጅ ይታየን፤ ያገኘነውን ሁሉ በቦታው እንመዝግብ፣ የተገፈፈውን እንመልስ፣ ከዚያም ድንጋዩን መልሰን በቀስታ እናኑረው።